መልአክ ስም ያላወጣለት

ስምን መልአክ ያወጣዋል እንላለን። በአባባሉ መሠረት ስም በዘፈቀደ የሚለጠፍ ምልክት አይደለም፤ ስሙና ባለስሙ አስቀድመው የተዋወቁ ይመስል አንዱ ሌላውን ፈልጎ ያገኘዋል። ስለ ሰው ሲነገር ያማረ እምነት ነው። በጫካ ውስጥ በወደቀ ግንድ ላይ እንደ መደርደሪያ ተደራርቦ የበቀለን ጠንካራ እንጉዳይ ለይቶ ለማወቅ የተነሣ ሰው ግን ከሁሉ አስቀድሞ ሊተወው የሚገባው እምነት ይኸው ነው። ለዚህ ፍጥረት መልአክ ስም አላወጣለትም። ቋንቋችንም ቢሆን ገና በወጉ አልተቀበለውም። የሚበላውን እንጉዳይ ብለን ወደ ቤት አስገባነው፤ የማይበላውን ባለእግርና ባለጥላ የጅብ ጥላ ብለን ለጅብ ሰጠነው፤ እግር የሌለውን፣ ጥላም የማይመስለውን፣ እንደ እንጨት የጠጠረውን የግንድ እንጉዳይ ግን ከሁለቱ ወደ አንዱ እየጨመርን አለፍነው። መልአክ ካልመጣለት ስም ማውጣቱ የሰው ሥራ ነው፤ የሰው ሥራ ከሆነ ደግሞ ሊሳሳት፣ ሊታረም፣ ሊጠየቅበትም ይችላል። «ለይቶ ማወቅ» የሚለው አነጋገራችን የሥራውን ቅደም ተከተል በትክክል አስቀምጦታል፤ መለየት ይቀድማል፣ ማወቅ ይከተላል። የምከራከርለትም ሐሳብ ከዚህ ይነሣል፦ አንድን ፍጥረት በስሙ መጥራት ያልሆነውን አንድ በአንድ እየለዩ መጣል ነው፤ የሚታመንም ስም በምን ማስረጃ ሊሻር እንደሚችል አብሮ የሚያሳይ ስም ብቻ ነው።

በመጀመሪያ የምናየው ነገር ምን እንደሆነ እንጠይቅ። ከግንዱ ጎን የወጣው መደርደሪያ የፍጥረቱ ሙሉ አካል አይደለም። ዋናው አካል በእንጨቱ ውስጥ የተሰራጨ፣ ከፀጉር የቀጠኑ ክሮች መረብ ነው፤ እንጨቱን እያሟሟ የሚመገበውም ይኸው መረብ ነው። መደርደሪያው ስፖር የሚባለውን፣ ከዱቄት የረቀቀ ዘር ለመበተን ወደ ውጭ የሚወጣ ፍሬ ነው። ስለዚህ በዓይናችን ፊት ያለው የተሰወረው አካል የላከው ምስክር ነው፤ ያውም ዘግይቶ የሚደርስ ምስክር። የሐበሻ ጥድን እንመልከት። እንጨቱ ምስጥንና ብስባሴን ስለሚቋቋም ለምሰሶና ለአጥር ሲመረጥ የኖረ ዛፍ ነው። ይሁን እንጂ ፒሮፎሜስ ዴሚዶፊ የተባለው የግንድ እንጉዳይ ይህንኑ ዛፍ በቁሙ ሳለ ከእምብርቱ ይበላዋል። ቅርፊቱ ደኅና፣ ቅጠሉ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ውስጡ ይቦረቦራል፤ ፍሬው ከግንዱ ጎን ብቅ ሲል ብስባሴው ውስጥ ለውስጥ ብዙ ተጉዟል። እንግዲህ የፍሬውን መልክ ብቻ አይቶ ስለ ፍጥረቱ መናገር በአንድ ሰው ቃል ላይ ፍርድ እንደ መስጠት ያለ ነው። ምስክሩ አይዋሽም፤ ያልተጠየቀውን ግን አይናገርም።

ሲጠየቅ ምን ያህል እንደሚናገር አንድ ማስረጃ ላቅርብ። ብዙ ዓመት የሚኖሩት የግንድ እንጉዳዮች፣ ለምሳሌ ፎሜስ ፎሜንታሪየስና ጋኖደርማ አፕላናተም፣ ከሥራቸው ስፍር ቁጥር የሌላቸው ቀጫጭን ቱቦዎች አሏቸው። ስፖሩ ከቱቦው ግድግዳ ተላቅቆ በራሱ ክብደት የሚወርድ ስለሆነ ቱቦው ቀጥ ብሎ ወደ ምድር መመልከት አለበት፤ ካዘነበለ ዘሩ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ዛፉ ቆሞ ሳለ የወጣ መደርደሪያ ዛፉ ሲወድቅ አብሮ ይጋደማል፤ ቱቦዎቹም በጎናቸው ይተኛሉ። ፍጥረቱ ግን በእንጨቱ ውስጥ በሕይወት አለና አዲሶቹን ቱቦዎች እንደገና ወደ ምድር አቅጣጫ ያበቅላል። ስለዚህ በወደቀ ግንድ ላይ አሮጌው ክፍሉ በአንድ አቅጣጫ፣ አዲሱ ክፍሉ ደግሞ አሮጌውን አቋርጦ በሌላ አቅጣጫ የተሠራ እንጉዳይ ብናገኝ፣ ዛፉ መበላት የጀመረው ከመውደቁ በፊት እንደነበር እናውቃለን። ንብርብሩ ሁሉ ከተጋደመው ግንድ አኳኋን ጋር የሚስማማ ከሆነ ደግሞ ፍሬው የወጣው ዛፉ ከወደቀ በኋላ ነው። ይህ ማስረጃ ስለ ስሙ ገና ምንም አልነገረንም። ሆኖም በቆመ ዛፍ ላይ ፍሬ የማያወጡትን ዝርያዎች ከወዲሁ ከደጅ መልሷቸዋል። ዕውቀቱ የተጀመረው ከመጣል ነው።

ዓይን የሚሰናከለው ይህን የመጣል ሥራ ዘልሎ በቀጥታ ወደ መመሳሰል ሲሄድ ነው። ስዊድናዊው ኤሊያስ ፍሪስ በ1821 እ.ኤ.አ. ማሳተም በጀመረው ታላቅ ሥራው፣ ከሥራቸው ቀዳዳ ያላቸውን የግንድ እንጉዳዮች አብዛኛውን ፖሊፖረስ በሚባል አንድ ወገን ሰበሰባቸው። ለዓይን አሳማኝ ነበር። በኋላ በማይክሮስኮፕ፣ ከዚያም በዘረ መል የተደረገው ምርመራ ግን ባለቀዳዳው መደርደሪያ በተለያዩ የዘር ሐረጎች ውስጥ በየራሱ መንገድ ደጋግሞ የተገኘ ቅርጽ መሆኑን አሳየ። ዘርን ከዝናብ ከልሎ ከከፍታ ለመልቀቅ ይህ ቅርጽ ጥሩ መላ ነው፤ ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ባዕዳን ተመሳሳይ ቤት ሠሩ ማለት ነው። በትንሹም እንዲሁ ነው። ሊኔየስ በ1753 እ.ኤ.አ. ስም ያወጣለት፣ ዛሬ ትራሜቴስ ቬርሲኮሎር የሚባለው እንጉዳይ ከላዩ ቡናማ፣ ግራጫና ነጣ ያሉ ቀለበቶች የተዞሩበት ስስ መደርደሪያ ነው። ስቴሬየም ኦስትሪያም እንደዚሁ ባለቀለበት ነው፤ ከላይ የሚያይ ሰው አንድ ይላቸዋል። ሁለቱን መገልበጥ ግን ክርክሩን ይዘጋዋል። የመጀመሪያው ሥሩ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ሦስትና ከዚያ በላይ ቀዳዳ የሚቆጠርበት ነው፤ የሁለተኛው ሥር ምንም ቀዳዳ የሌለው ልሙጥ ነው። ቀለበቱ የሚያስደስት ምስክር ነበር፤ ፍርዱን የሰጠው ግን ማንም የማያደንቀው የታችኛው ገጽ ነው።

ጥሩ ምርመራ በአገራችን የቆየውን የተጠየቅ ሙግት ይመስላል፤ አንዱ ምስክር ያሳለፈውን ሌላው ይሞግተዋል። ዛፉ ራሱ ይጠየቃል፦ ፎሚቶፕሲስ ቤቱሊና የሚበቅለው በበርች ዛፍ ላይ ነውና ግንዱ በርች ካልሆነ ይህ ስም ሊቆም አይችልም ማለት ይቻላል። ብስባሴው ይጠየቃል፦ እንጨቱ የተሠራባቸውን ሊግኒንንም ሴሉሎስንም የሚያፈርሱት እንጨቱን ነጣ ያለና እንደ ቃጫ የሚተለተል ያደርጉታል፤ ሴሉሎሱን ወስደው ሊግኒኑን የሚተዉት ደግሞ ቡናማ፣ እንደ ደረቀ ጭቃ በአራት ማዕዘን የተሰነጣጠቀ አድርገው ይተዉታል። ሥጋው ይጠየቃል፦ ሂመኖኬታሲ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ያሉት ቡናማ ሥጋቸው ላይ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ሲያርፍ ይጠቁራል። ከዚያም የስፖሩ ቀለምና ቅርጽ፣ በመጨረሻም መደርደሪያውን የሠሩት ክሮች ይጠየቃሉ። እንግሊዛዊው ኮርነር በ1932 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው ክሮቹ ሥራቸው የተለያየ ነው፤ የሚያድጉና ስፖር የሚያፈሩ አሉ፣ ግድግዳቸው ወፍሮ እንደ አጥንት የሚያጸኑ አሉ፣ ሌሎቹን እንደ ማገር የሚያስሩም አሉ። ከእነዚህ ምስክሮች አንዳቸውም ተነሥተው «ስሙ ይህ ነው» አይሉም። ሁሉም የሚሉት «ያ አይደለም» ነው። በመጨረሻ የቀረው ስም ያሸነፈው ስላማረ አይደለም፤ ሊጥለው የሚችል ጥያቄ ቀርቦለት ስላልወደቀ ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይነሣል። ለተራ ሰው ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል? ይበላል ወይስ አይበላም፣ ይጠቅማል ወይስ አይጠቅም፣ ይህን ማወቅ ይበቃል የሚል ተቃውሞ ነው። ተቃውሞው ክብር ይገባዋል፤ ከጀርባው እጅግ ያረጀ ማስረጃ አለውና። በ1991 እ.ኤ.አ. በኦስትሪያና በጣሊያን ድንበር በአልፕስ በረዶ ውስጥ የተገኘው፣ ከ5000 ዓመት በፊት የሞተው ሰው ሁለት ዓይነት የግንድ እንጉዳይ ይዞ ነበር። አንዱ በቆዳ ጠፍር የተሰካ የበርች እንጉዳይ ነው፤ ሌላው ከባልጩት መሣሪያዎቹ ጋር በወገቡ ከረጢት የነበረው፣ እሳት ለመያዝ የሚያገለግለው ፎሜስ ፎሜንታሪየስ ነው። ላቲን አልነበረም፣ ማይክሮስኮፕ አልነበረም፤ ሰውዬው ግን አንዱን ከሌላው ለይቶ እያንዳንዱን በየቦታው አስቀምጧል። ይህን ዕውቀት አለማክበር ስሕተት ነው። ነገር ግን ጥቅም የሚለየው እስከ ጥቅሙ ድረስ ብቻ ነው፤ ጥቅሙ ራሱ በልዩነት ላይ ሲንጠለጠል መንገዱ ያልቃል። ሌቲፖረስ ሰልፉሪየስ የተባለው ብርቱካናማና ቢጫ የግንድ እንጉዳይ በሰሜን አሜሪካ ሲበላ የኖረ ነው፤ አንዳንዱን ሰው ሆዱን ያውከዋል፣ ሌላውን ምንም አያደርገውም። አንድ ሲባል የኖረው ይህ እንጉዳይ በርድሶልና ባኒክ በ2001 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ብዙ ዝርያዎች መሆኑ ታየ፤ አንዱ በሰፊ ቅጠል ዛፎች ግንድ ላይ፣ ሌላው በዛፍ ሥር አጠገብ፣ ሌሎቹ ደግሞ በጥድ ወገን ዛፎች ላይ የሚወጡ ናቸው። «ይበላል» የሚለው ቃል የትኛው እንደሚበላ ሳይታወቅ የተነገረ ቃል ነበር። ሆድ የሚጠይቀውን ጥያቄ ለመመለስ እንኳ የሆድን ጥያቄ ማለፍ ያስፈልጋል።

ስም ያለ ጥያቄ ሲጓዝ የሚያደርሰውን ደግሞ በጋኖደርማ ታሪክ እናያለን። ዊልያም ከርቲስ በ1781 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ የበቀለ፣ ገጹ ቫርኒሽ የተቀባ የሚመስል እንጉዳይ ገለጸ፤ ዛሬ ጋኖደርማ ሉሲደም የሚባለው እሱ ነው። ቻይናውያን ሊንግዢ የሚሉት፣ በመድኃኒትነቱ ለዘመናት የከበረው እንጉዳይም የሚያብረቀርቅ ነበርና የእንግሊዙ ስም ወደ ምሥራቅ ተጉዞ በእርሱ ላይ ዐረፈ። ጥናቱም ንግዱም በዚያ ስም ቀጠለ። የቻይናው እንጉዳይ ከእንግሊዙ የተለየ ዝርያ መሆኑ ተገልጦ ጋኖደርማ ሊንግዢ የተባለው በ2012 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያም ወዲህ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ስም ይቀድማል ብለው የተከራከሩ አሉ። ስሕተቱ የተወለደው ከድንቁርና አይደለም፤ የሚያብረቀርቀውን ገጽ ያዩት ሰዎች የተማሩ ነበሩ። የተወለደው አንድ አስደናቂ ምልክት ሌሎቹን ምስክሮች ዝም ስላሰኛቸው ነው። ከዚያም ስሙ በተደጋገመ ቁጥር መደጋገሙ ራሱ ማስረጃ መሰለ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከዚህ ይቀጥላል። ዓይን እንዲህ የሚስት ከሆነ ለምን እንደክማለን? ቁራጭ ወስዶ ዘረ መሉን ማንበብ ነገሩን ይጨርሰዋል ይባላል። ዘረ መል ኃይለኛ ምስክር መሆኑን የሚክድ የለም፤ ከላይ የጠቀስኳቸውን ብዙ ስሕተቶች ያጋለጠው እሱ ነው። ግን የተነበበው ዘረ መል ብቻውን ስም የለውም። ፊደላቱ ትርጉም የሚያገኙት ቀድሞ ከተመዘገቡ ናሙናዎች ጋር ሲነጻጸሩ ነው፤ በእነዚያ ናሙናዎች ላይ ስሙን የጻፈው ደግሞ ያው ዓይኑን፣ አጉሊ መነጽሩንና ጠብታውን የያዘ ሰው ነው። እሱ ተሳስቶ ከነበረ ማሽኑ ስሕተቱን በፍጹም ትክክለኛነት ይመልስልናል። በጋኖደርማ የሆነውም ይኸው ነው፤ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ የዘረ መል መዝገቦች ውስጥ በሉሲደም ስም የተቀመጡ ብዙ ቅጂዎች የሌላ ዝርያ ሆነው ተገኝተዋል። አዲሱ ምስክር አሮጌዎቹን አያሰናብታቸውም። ከእነርሱ ጋር አንድ ችሎት ውስጥ ገብቶ ይጠየቃል፣ ይጠይቃልም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። ስሞች እንዲህ እየተሻሩ የሚኖሩ ከሆነ አንድም ቀን አላወቅንም ማለት አይደለምን? ዛሬ የምንለው ነገ የሚወድቅ ከሆነ መለየት ከንቱ ድካም ሊመስል ይችላል። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ የሥራ ታሪክ አለ። ካናዳዊቷ ተመራማሪ አይሪን ማውንስ በ1929 እ.ኤ.አ. ፎሜስ ፒኒኮላ ይባል የነበረውን የግንድ እንጉዳይ አጠናች። ከነጠላ ነጠላ ስፖር ያበቀለቻቸውን ክሮች እያገናኘች የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚጣመር ተመለከተች፤ በ1938 እ.ኤ.አ. ከሩት ማክሬ ጋር ባወጣችው ጥናትም በሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሁለት የማይጣመሩ ቡድኖች እንዳሉ ታየ። ለዓይን አንድ ናቸው፤ እርስ በርሳቸው ግን ባዕድ ናቸው። አንድ ሲባል ከኖረው ከዚህ እንጉዳይ ውስጥ ለእርሷ ክብር ፎሚቶፕሲስ ማውንሴ የተባለ ዝርያ የተገለጸው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው። በዚህ መካከል የፍጥረቱ ወገን ስም ተለውጧል፣ መሣሪያው ተለውጧል፣ ሰዎቹም አልፈዋል። ያልተለወጠው «እነዚህ ሁለቱ አይጣመሩም» የሚለው ግኝት ነው። ስሙ ወደቀ፣ ልዩነቱ ግን ቆመ። ዕውቀት የሚከማቸው በስሞች ውስጥ ቢሆን ኖሮ ተቃውሞው ባሸነፈን ነበር፤ የሚከማቸው ግን በልዩነቶች ውስጥ ነው። የስም መሻርም ልዩነቱ ተጠብቆ እስከ ዛሬ ለመድረሱ ማስረጃ ነው፤ ያልተጠበቀ ነገር አይታረምምና።

ይህ ክርክር እኛን በቅርብ ይመለከተናል። በየደብሩ ዙሪያ ተጠብቀው በቆዩ ደኖች ውስጥ አሮጌ ጥዶች ቆመዋል፣ ወድቀዋልም፤ ጥዱን ከእምብርቱ የሚበላው እንጉዳይ የሚጠራበት ስም ግን በ1842 እ.ኤ.አ. ሌቬዬ የተባለ ፈረንሳዊ ለሩሲያዊው ባለጸጋ ለዴሚዶቭ መታሰቢያ ያወጣው ነው። በ2005 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሂመኖኬታሲ ቤተሰብ አንድ ዝርያ በአገራችን ስም ፎሚቲፖሪያ ኤቲዮፒካ ተብሏል። የባዕድ ስም ሲያስቆጨን በአማርኛ ስም እናውጣ ለማለት እንቸኩላለን። ቁጭቱ ተገቢ ነው፤ ችኮላው ግን ያንኑ የጋኖደርማን ስሕተት በራሳችን ቋንቋ መድገም ይሆናል። አማርኛ ከስም በፊት የሚጎድለው መግለጫ ነው፦ የቀዳዳውን ብዛት፣ የሥጋውን ቀለም፣ የብስባሴውን ዓይነት፣ የዛፉን ማንነትና የመደርደሪያውን አቅጣጫ አንድ አንባቢ ከሌላ አንባቢ ጋር ሳይምታታ የሚረዳበት የተለመደ ቃል። ኖርዌጂያዊው ሪቫርደን ከዮሐንሰን ጋር በ1980 እ.ኤ.አ. ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ባለቀዳዳ የግንድ እንጉዳዮች ትልቅ መጽሐፍ ሲያወጡ በርእሱ ላይ «የመጀመሪያ ደረጃ» የሚል ቃል አኑረዋል። ዕድሜ ልኩን በዚህ ሥራ የኖረ ሰው ያን ቃል ከርእሱ ላይ ካላወጣ፣ ጀማሪ ዝርያውን ሳይለይ ወገኑ ላይ ደርሶ «ከዚህ በላይ ማስረጃዬ አያልፍም» ብሎ ቢቆም ሊያፍርበት አይገባም። እዚያ መቆም ራሱ ፍርድ ነው፤ ቀጣዩ መርማሪም የሚነሣው ከዚያ ቦታ ነው።

የደረቁ ናሙናዎች ማኖሪያ በሆነው በሄርባሪየም የሚቀመጥ የግንድ እንጉዳይ ናሙና ከአንድ ወረቀት ጋር ይኖራል። በወረቀቱ ላይ የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑ፣ የበቀለበት ዛፍ፣ የሰብሳቢው ማንነት ይሰፍራል፤ ከዚያም ስሙን የለየው ሰው የሰጠው ስም ይከተላል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ሰው ናሙናውን መርምሮ ስሙ ሌላ ነው ካለ የቀድሞውን አይሰርዝም። አዲስ ቁራጭ ወረቀት ጨምሮ አዲሱን ስም ይጽፋል፣ የራሱን ስምና ዓመቱንም ያኖራል። ሌላው ደግሞ መጥቶ ሦስተኛውን ይጨምራል። ደረቁ እንጉዳይ ዝም ብሎ ተቀምጦ ሁሉንም ይቀበላል፤ ማን ምን እንዳለ፣ መቼ እንዳለ፣ ማን እንደ ተሳሳተ፣ ማንስ እንዳረመው ከእርሱ ጋር ይቆያል። መልአክ የሚያወጣው ስም ፊርማ የለውም፤ ስለዚህ የሚጠየቅበት አይኖርም። በዚህ ወረቀት ላይ ያለ ስም ሁሉ ግን ባለቤት አለው፣ ቀን አለው፣ ከሥሩም ባዶ ቦታ ተትቶለታል።